በአፍንጫ የሚጠራው በሬ

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ወረታ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሰዎችን እመዘግባለሁ። በማግስቱ ጠዋት መኪና ባሕር ዳር ይወስዳቸዋል፤ እዚያ በነፃ ይታከማሉ። ሕፃናቱ በእናታቸው ጀርባ ይመጣሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ አፋቸውን ሸፍነው፣ ብዙ ጊዜ ሠርግ ሲቃረብ። የከንፈሩ ስንጥቅ ከቀኝ ይልቅ በግራ ይበዛል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

ከቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የመጡ፣ አፋቸውን በጋቢ የሸፈኑ አንድ ገበሬ በሬ እየሳቡ ገቡ።

«ይኼም ታካሚ ነው?» አለ ዘበኛው።

«አንተን ካስገቡ እሱ ምን ጎደለው?» አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጥር ላይ ልጅ እድራለሁ። አፌን ሳልሸፍን ልመርቃት እፈልጋለሁ። ይኼ በሬ ግን እኔ ካልጠራሁት ከረግረጉ አይወጣም። ካልወጣ አይታረስ፣ ሩዙ አይዘራ። ወንድሜንማ ከመጤፍም አይቆጥረው። እስክመለስ የሚጠራው ሰው ፈልጊልኝ።»

ጠርተው አሳዩን፤ ላንቃቸው የተሰነጠቀ ነውና ጥሪያቸው በአፍንጫ የሚወጣ ረጅም ድምፅ ነበር።

ሰልፈኛው መሞከር ጀመረ። ዘበኛው ጮኸ፤ በሬው አመነዠከ። ነርሷ ጮኸች፤ ሸና። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ጎልማሳ ጮኸ፤ ዞሮም አላየው። ላንቃዋ የተሰነጠቀ ልጃገረድ ገና ስትጀምር ግን ጆሮውን አቁሞ ወደ እሷ ሄደ። ቀጥሎ ወደ ጠራው፣ ላንቃው ወደ ተሰነጠቀ ሽማግሌም እንዲሁ።

«ኧረ ይኼስ ሐኪም ነው!» አለ ዘበኛው።

ችግሩ፣ በሬው የሚሰማቸው ሁሉ ነገ በዚያው መኪና ሊሄዱ ነው።

«በቃ፣ ለከርሞ» አሉ ገበሬው ገመዱን እየሰበሰቡ። «ሠርጉንም ተሸፍኜ እውላለሁ።»

እኔ ሻርፔን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ መዝገቡ ላይ አቀረቀርሁ። ከንፈሬ በልጅነቴ ተሰፍቷል፤ ላንቃዬ ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ ቀርታለች። ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድም ቀን እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም፤ ስልክ ሲደወልልኝ በጽሑፍ ነው የምመልሰው። በሬው ከግቢው ሲወጣ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ቁሐር ሚካኤል ደረስሁ። በሬው ረግረጉ መሃል ቆሟል፤ የገበሬው ወንድም ዳር ላይ ይለምነዋል፤ ገበሬው ሊጠሩት ገና መድረሳቸው ነው። ሻርፔን ከአፌ አውርጄ ጠራሁት። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ወንድምየው ሳቀ። እንደገና፣ ባለ በሌለ አፍንጫዬ ጠራሁ።

በሬው ውሃውን እየሰነጠቀ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ማርያምን! አንችም?» አሉ ገበሬው።

«እኔም። ይሂዱ አባባ፣ መኪናው እንዳያመልጥዎ።»

የእግራቸውን ጭቃ ሳይታጠቡ ባጃጁ ውስጥ ዘለው ገቡ።

ከዚያ ለአለቃዬ ደወልሁ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፄ። ሳምንቱን ፈቃድ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት።

«ለምን ጉዳይ?»

«በሬ ልጠራ።»

«አልሰማሁሽም፣ ድገሚው።»

ጮክ ብዬ ደገምሁለት። በሬው አንድ እርምጃ ተጠጋኝ።