ከገንዳው አፋፍ

ወይን በእግራችን በምንረግጥበት የድንጋይ ገንዳ አፋፍ ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል። ቀኝ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ግራው በፋሻ ተጠቅልሎ ነጠላ ጫማ ላይ አርፏል። መከሩ ሳምንት ሲቀረው በርሜል ወድቆበት የአውራ ጣቱን ግማሽ ቆርጦታል። ነርሷም ቁስሉ ሳይደርቅ ገንዳ እንዳይገባ ከልክላዋለች።

ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ስንረግጥ በደህናው እግሩ መሬቱን ይመታል።

«ዘንድሮስ ወይናችን እግር እግር አይልም!» ይለዋል አለቃችን ዜፈሪኖ።

«ሂድ ወዲያ! የኔ ዘጠኝ ተኩል ጣት ካንተ ዐሥር ይሻላል!»

ዓይኑ ግን አብራን ከምትረግጠው ከዴሊንዳ አይነቀልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰባት መከር አጠገቧ ረግጧል፤ እጁ ትከሻዋ ላይ የሚያርፈውም በመከር ብቻ ነው።

ዛሬ ዜፈሪኖ ክፍተቱን ልሙላ ብሎ ከጎኗ ሲገባ፣ ዞር ብላም ሳታየው «ቦታው ሰው አለው» አለችው።