ሙሽራ ያዘልሁበት የጊዮርጊስ ዕለት

ንዳድ ቀን ያውቃል። ከሌላው በሽታ የሚለየውም ይህ ነው። ዛሬ አንቀጥቅጦ ይጥልሃል፤ በማግሥቱ ምንም እንዳልነበረ ለቅቆ እርሻ ያስወጣሃል፤ በሦስተኛው ቀን በዚያችው ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። እኔን የያዘኝ ብር ሸለቆ በሚባለው ቆላ ነው። ጣልያን ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው ከተማ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ ወዲህ ወታደሮቹ ለሥጋ እያሉ በሬ ይነዱ ስለነበር፣ የአገሩ ሰው ከብቱን ወደ ቆላ ያሸሽ ነበር። እኔም የአባቴን ጥማድ በሬ ይዤ ወረድሁ። አንድ ወር ከርሜ በሬዎቹን አተረፍሁ፤ ራሴን አስይዤ ወጣሁ።

ስወጣ የአብሮ አደጌ ሠርግ ተቆርጦ ጠበቀኝ። አንደኛ ሚዜው እኔ እንደምሆን ገና ልጆች ሳለን ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው። በእኛ አገር አንደኛ ሚዜ ከሙሽራው ጎን ተቀምጦ የሚበላ ብቻ አይደለም። ሙሽራይቱን ከአባቷ ዳስ በጀርባው አዝሎ ያወጣል፣ በበቅሎ አፈናጥጦ ይወስዳል፣ ከሙሽራው ደጅ ሲደርስ እንደገና አዝሎ ጫጉላ ቤት ያስገባታል። በዚህ ሁሉ መካከል እግሯ መሬት አይነካም። ከነካ ግን ላም ብትሞት፣ ሕፃን ቢታመም፣ በረዶ ቢወርድ ጣጣው የእርሷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን "በእግሯ የገባች" ስትባል ትኖራለች።

ሠርጉ የተቆረጠው ለጥር ተክለ ሃይማኖት ነበር። በጣቴ ቆጠርሁ። ንዳዱ በገብርኤል ያዘኝ፤ እንግዲህ በማርያም ይመጣል፣ በጊዮርጊስ ይመጣል፣ ተክለ ሃይማኖትን ይዘለኛል። ንዳዴም ሠርግ ያከብራል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በገብርኤል ማግሥት ደህና ስለነበርሁ ከደጅ እንጨት ስፈልጥ ሙሽራው ራሱ መጣ። "ሽማግሎች ቀኑን ለወጡት" አለኝ። ተክለ ሃይማኖት እሑድ ይውላል፤ ሰው በሰንበት ተሰብስቦ መንገድ ለመንገድ ሲተም ከታየ ጣልያን የሽፍታ ጉባኤ ነው ይላል፤ በገበያው ዕለት ቅዳሜ ከሆነ ግን ሰውም በቅሎም ቢበዛ ጠያቂ የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሞ በጊዮርጊስ ይሁን ተባለ። ምክሩ ደግ ነበር። ለእኔ ግን ዱብ ዕዳ ሆነ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ግን ሁለተኛው ሚዜ ታወሰኝ። የሙሽራው የአክስት ልጅ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ በቅሎ ላይ እንኳ ተቀምጦ ሰው የሚመክር። እኔ ታመምሁ ካልሁ ሙሽራይቱን የሚያዝላት እርሱ ነው። ይህን ማሰቡ ከንዳዱ ይበልጥ አንገበገበኝ። ደግሞ ወዳጄ ፍልጡን በእግሩ እየገፋ "አንተ ካለህልኝ ሌላው ቢጎድልም ግድ የለኝ" አለኝ። መጥረቢያዬን አንሥቼ ፍለጣዬን ቀጠልሁ።

በጊዮርጊስ ጧት በባዶ ሆዴ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ዋጥሁና ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣን። ተኩስ የለ፣ መለከት የለ፤ ዘፈኑን እንኳ ከጣልያን መንገድ እስክንርቅ አፍነን ያዝነው። የሙሽራይቱ አገር ከማንኩሳ አልፎ ወደ ቡሬ በሚወስደው በኩል ነው። አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ንዳዴ የሚነሣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በቶሎ ከሸኙን እንደ ምንም እደርሳለሁ ብዬ አሰላሁ።

የሙሽራይቱ ወገን ሽማግሎች ግን መቼ ይቸኩላሉ! ጥሎሹ ሲቀርብ ቀሚሱን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ። "ይህ ጥበብ ለልጃችን ነው ወይስ ለዕቃ መሸፈኛ?" አሉ አንዱ። ወጉ ነውና የኛዎቹ ይለማመጣሉ፣ እነዚያ ይኮራሉ። እኔ የዳሱን ምሰሶ ጥላ እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። በስንት ልመና እሺ አሉና ምግብ ሊቀርብ ሲል አውሮፕላን መጣ። ሰዉ ዳሱን ጥሎ ከዋንዛው ሥር ተሸጎጠ፤ ሽማግሌውም ያንኑ የናቁትን ጥበብ አቅፈው ሮጡ። አውሮፕላኑ ወደ ቡሬ አለፈ። ከዚያ ሳቁ፣ "እኔማ አልፈራሁም" ማለቱ፣ እንደገና መቀመጡ! ጥላው ምሰሶውን ዞረ።

አባቷ እጇን ይዘው ከጓዳ ሲያወጧት ሰባት ተኩል አልፎ ነበር።

"ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኅትህ ናት" አሉኝ። "የከፋት እንደሆን የምትነግረው ለአንተ ነው። እግሯን መሬት እንዳታስነካብኝ።"

"አላስነካም፣ አባባ። አደራዎን ተቀብያለሁ" አልሁ። ከጣቶቼ ጫፍ ላይ ብርዱ ጀምሯል።

እስከ በቅሎዋ ድረስ በደህና አዘልኋት። ከፊቴ ተቀምጣ፣ ፊቷን በነጠላ ተሸፍና፣ እንደ ወጉ ታለቅሳለች። ጥቂት እንደሄድን ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ጥርሴን ብነክስም መንጋጋዬ አልታዘዝ አለ። ልቅሶዋን አቋረጠች።

"ወንድሜ፣ ፈርተህ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ብርድ ነው።"

"በዚህ ፀሐይ?"

መዋሸት አቃተኝ። "ንዳድ ነው። ዛሬ ቀኑ ነው፤ ከቆላ ይዞኝ የወጣ ነው።"

"ሙሽራው ያውቃል?"

"አያውቅም። አንቺም እንዳትነግሪው።"

"እሺ" አለች። ከዚያ የካባዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ። አፈርሁ። አደራ የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ የምታለብሰኝ እርሷ ናት።

ከሙሽራው ደጅ ስንደርስ ብርዱ አልፎ እሳቱ መጥቶ ነበር። እልልታው ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኛል። ከበቅሎ ወረድሁ፤ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ያዝኋት። ከደጁ እስከ ጫጉላው በር አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ግማሹን ያህል ሄድሁ። ጉልበቴ ሲከዳኝ አወቅሁት፤ እርሷም አወቀችው። ከመውደቄ በፊት ከጀርባዬ ሸርተት ብላ ወረደች፣ በሁለት እግሯ ቆመች፣ በብብቴ ሥር ገብታ ደገፈችኝ።

"ወንድሜን ያዙልኝ!" ብላ ጮኸች። "ውኃ አምጡ!"

እልልታው ተቋረጠ። ሙሽራ በሠርጓ ዕለት ድምፅዋ ሲሰማ ያየ ሰው በዚያ አገር የለም። የሙሽራው እናት እጃቸውን ከአፋቸው ላይ እንደ ጫኑ ቀሩ።

ጫጉላው ቤት አስተኙኝ፤ እርሷም በእግሯ ተከትላ ገባች። ወዳጄ ግንባሬን ዳሰሰ።

"ዛሬ ነው የጀመረህ?"

"ዛሬ ነው" አልሁት። እርሷ ፊቷን ተሸፍና ከማዶ ተቀምጣለች። ሰምታለች፤ አልተናገረችም።

በማግሥቱ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ጤነኛ ሆኜ ተነሣሁ፤ እንዲያውም ራበኝ። ደጅ ስወጣ የሙሽራው እናት ከጎረቤት ሽማግሎች ፊት ቆመው ይናገራሉ።

"ሰተት ብላ በእግሯ ገባች! ያውም አፍ አውጥታ! ሰው ቢያመው የሚይዘው ወንድ ጠፍቶ ነው? እንዲህ ያለ አመል ካላት ሊነግሩን ይገባ ነበር። አባቷ ተጠርተው ይምጡ!"

ወዳጄ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሙሽራይቱ ከጫጉላው በር ላይ ተቀምጣ መሬት ትጭራለች። አንድ ቃል ብትናገር ትድናለች፤ ግን እሺ ብላኛለች። አባቷ፣ እኒያ ደግ ሰው፣ ነገ በዚህ ደጅ ቆመው ስለ ልጃቸው አመል ሲጠየቁ ታዩኝ። መሄድ አማረኝ፤ እውነቴን ነው፣ በጓሮ ዞሬ መሄድ አማረኝ።

"እማማ፣ እርሷን አይንኩ" አልሁ። "ንዳዱ ከገብርኤል ጀምሮ አለብኝ። ትናንት ቀኑ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቦታዬን ላለማጣት ብዬ ደበቅሁ። ባትወርድ ኖሮ ይዣት እወድቅ ነበር።"

ወዳጄ ቀና አለ።

"እንጨት ስትፈልጥ ሳገኝህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ትናንትስ ስጠይቅህ?"

"ዋሸሁህ።"

እናቲቱ "እንግዲያማ አባቷ አይጠሩ" አሉ። "ብቻ ከደጅ ታዝላ እንደገና ትግባ። አለዚያ ልቤ አያርፍም።"

ሁለተኛው ሚዜ ወዲያው ጋቢውን ወገቡ ላይ ማሸረጥ ጀመረ። እኔም ሳላስበው ወደ ፊት ተራመድሁ።

"ሁለታችሁም ተዉት" አለ ወዳጄ።

ሙሽራይቱን ይዟት ወደ ደጁ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለና "ነይ" አላት። ባል ሚስቱን ሲያዝል! ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሽማግሎቹ ወደ ሌላ አዩ። እርሱ ግን ተነሣና ቀጥ ብሎ መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሹን ሰማሁት። እርሷ ከትከሻው በላይ አየችኝ፤ እርሱ አላየኝም። መንገድ ለቀቅሁላቸው።