ሦስተኛው ቅጂ

ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ዳይሬክተራችን ራሳቸው መሙላት የሚገባቸውን የመምህራን የሥራ መመዘኛ ቅጽ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። “አንቺ ቃላት አይቸግርሽም” አሉኝ። እኔ እሞላለሁ፣ እሳቸው ፈርመው ማኅተም ይመቱበታል። ቅጹ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ አንዱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። በተሰጠኝ ሥራ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሰዉ ፒያሳ መሀል በቀን እንኳ ግራ ቀኝ አይቶ ነበር የሚያወራው። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ “አቤት” የሚል ከጠፋ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ። ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሂሳቡ አስተማሪ ጓደኛዬ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ አብረን እንወጣለን፣ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ እርስ በርስ እንተራረባለን። ችግሩ እሱን ከትምህርት ቤቱ ማውጣት ነበር። ደወል ተደውሎ ግቢው ጭር ሲል እንኳ ተማሪዎች ከበውት፣ ደረጃው ላይ ተኮልኩለው፣ ወለሉን በጠመኔ ቁጥር ሲሞሉት አገኘዋለሁ። “አንተ ሰውዬ፣ ቤት የለህም እንዴ?” ስለው “አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችን” ይላል። ያቺ አንድ ጥያቄ አታልቅም።

ቅጹ ላይ “ከተማሪዎች ጋር ያለው ግንኙነት” የሚል ዓምድ ነበር። ለሌሎቹ “ጥሩ ነው” ብዬ አልፌያለሁ። እሱ ጋ ስደርስ ግን ብዕሬ ተፈታ። “ደወል ከተደወለ በኋላ ተማሪዎች ከበውት ይቀራሉ። እንደ ወላጃቸው ያምኑታል፤ የሚላቸውንም ሁሉ ይሰማሉ” ብዬ ጻፍኩ። የተመዘነው ሰው አንብቦ መፈረም ስላለበት ወስጄ ሰጠሁት። “ይሄ ሰውዬ ማነው? አስተዋውቂኝ እንጂ!” ብሎ ከት ብሎ ሳቀና ፈረመ።

ከአንድ ወር በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ወንበራቸው ላይ ካኪ የለበሰ ሰው ተቀምጧል፤ ሌላው በሩን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ቀለሙ የደበዘዘ ነበር፤ ከካርቦኑ ሥር መጨረሻ የወጣው ቅጂ። የት እንደሚሄድ ያን ቀን አወቅኩ።

“ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?” አለኝ የተቀመጠው።

“አዎ።”

“እስቲ አንብቢልን።”

አነበብኩ። ያ የኮራሁበት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ከበደኝ።

“የሚላቸው ምንድነው?”

“ሂሳብ ነው። አልጀብራ።”

“ከደወል በኋላ?”

“ፈተና ስለደረሰባቸው…”

“የልጆቹን ስም ንገሪን።”

“አላውቃቸውም” አልኩ። የእያንዳንዳቸውን የአባት ስም ሳይቀር አውቅ ነበር።

ሰውዬው አልተቆጣም። ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና “እንግዲህ የጻፍሽው ውሸት ነዋ?” አለኝ።

ዳይሬክተሩን አየሁ፤ እሳቸው ውጭውን ያያሉ። ውሸት ነው ብል፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቤት ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል።

“እውነት ነው” አልኩ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። ሰሌዳው ላይ የጀመረውን ስሌት የሚያጠፋው ሰው ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ።

ከሰባት ወር በኋላ ተመለሰ። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ጠመኔውንም በግራ እጁ መያዝ ጀምሯል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩትም። እሱም የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቀ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የመመዘኛው ጊዜ ደረሰና ቅጹ እንደገና እኔው ጋ መጣ። ዘንድሮስ ይቅርብኝ ብዬ ዳይሬክተሩን ለመንኳቸው። “ምነው ብለው ቢጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው?” አሉኝ። ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ብቻዬን መሆኔን አይቶ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። “እህቴ” አለኝ፤ “ዘንድሮ ሰነፍ ነው በዪልኝ።”

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ዓይኑን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

“ተማሪ አይቀርበውም በዪ። ደወል ሲደወል ወዲያው ይወጣል በዪ። እባክሽ።”

እንዳለኝ ጻፍኩ። ሦስተኛው ቅጂ ላይ በደንብ እንዲነበብ ብዕሩን ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት። እሱ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ በግራ እጁ ፈረመ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አለኝ። ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ደወሉ እንደተደወለ ከክፍሉ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ከፍታ እስከ ግቢው በር ተከተለችው። “መጽሐፉ ላይ አለ” አላትና መንገዱን ተሻገረ። ልጅቷ ደብተሯን እንደከፈተች እዚያው ቆማ ቀረች። እኔ በመስኮት አያለሁ፤ የጻፍኩትን እውነት እያደረገው ነበር።