ቀይ ክር በሰባተኛ «ለ»

አቃቂ ውስጥ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግንብ ማዶ ባለው መለስተኛ ትምህርት ቤት፣ የሰባተኛ «ለ» ተማሪዎች የፋብሪካውን ዘበኛ በየቀኑ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱት ነበር። መምህር ዱሬሳ ቀጀላ ሒሳቡን አስተምሮ ሲጨርስ የእጁን ጠመኔ ያራግፍና «ገብቷችኋል?» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ባንድ ጉሮሮ «ገብቶናል፣ ቲቸር!» ብሎ ያስተጋባል። ዘበኛው ደንግጦ ኮፍያውን ያስተካክላል፤ ዱሬሳ ደስ ይለዋል፤ ትምህርቱም አበቃ።

ዱሬሳ ከወንዙ ማዶ ካለው የገበሬዎች መንደር ወጥቶ ክራባት በማሰር የመጀመሪያው ሰው ነው። ክራባቱ አንድ ብቻ ነው። «ሰኞ አስሮ ዓርብ ይፈታዋል» እያለ ወንድሙ ቡልቻ ያማዋል። ማስተማር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ገና ጊዜያዊ ነው። ቋሚ የሚሆነው ኢንስፔክተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አይቶት «ይበቃል» ሲል ነው። ካላለ፣ ፋብሪካው ውስጥ ጥጥ የሚሸከመው ቡልቻ ቦታ ይዞለታል።

«ትከሻህ ጠባብ ቢሆንም ጭነቱ ራሱ ያሰፋዋል» ይለዋል ሲያጽናናው።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲታረም ዱሬሳ መጀመሪያ የራሱን ዓይን ተጠራጠረ። «ሩብ ይበልጣል ወይስ ግማሽ?» ለሚለው ጥያቄ ከክፍሉ ከእኩሌታው በላይ «ሩብ» ብሎ መልሷል። አራት ከሁለት አይበልጥም እንዴ፣ ብለው ይሆናል። ደግሞ «ከእኩሌታው በላይ» ቢላቸው ብዙ ይሁን ጥቂት የሚያውቁት አልነበሩም።

«ይሄን ሳስተምር ገብቶናል አላላችሁም?» አለ በማግስቱ።

ከፊት ወንበር አሰፋች ተነሣች፤ ፊት ለፊት በመናገር የታወቀች ልጅ ናት።

«ብለናል፣ ቲቸር።»

«ሳይገባችሁ?»

«አልገባንም ማለት ነውር ነዋ!»

«ለማን ነው ነውሩ?»

«ለእርስዎ ነው እንጂ! ያስተማሩት እርስዎ አይደሉ? ሰው ፊት እንዴት እናዋርድዎ?»

ዱሬሳ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ለግማሽ ዓመት ያህል ሃምሳ ልጅ ለእሱ ክብር ሲል በድንቁርና ጸንቶ ኖሯል።

መላው የመጣው ከዚያችው ከአሰፋች ነው። እናቷ ወይዘሮ ዳሲቱ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ መርማሪ ናቸው። አሠራሩ ደግሞ ቀስ ብሎ ሊያዩት የሚገባ፣ እጅግ የሚያምር ነገር ነው። አቡጀዲው ተሸምኖ ሲያልቅ መብራት ከሥር በሚበራበት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ያልፋል። ክር የተበጠሰበት፣ የሳሳ ወይም የተቋጠረ ቦታ ሲገኝ መርማሪዋ አትጮኽም፤ ሸማኔውንም አትሰድብም። ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ልክ በጉድለቱ ትይዩ ቀይ ክር ቋጥራ ታሳልፈዋለች። ቀጥሎ የሚቀበለው ሰው ክሩን አይቶ በቀጥታ ወደ ጉድለቱ ይሄዳል። ማን አጠፋ የሚል የለም፤ የት ነው የሚል ብቻ!

«እኛም እንቋጥራ» አለች አሰፋች። «ያልገባው ሰው የሸሚዙ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ክር ያስር፤ ሲገባው ይፍታው። አፋችን ይሉኝታ አለው፤ ቁልፋችን የለውም።»

ክሩን ያመጣው ታጁ ነው፤ አባቱ ገበያው ውስጥ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ማንም አላሰረም። ከዚያ ታጁ ራሱ፣ ሐፍረት የሚባል ነገር በሱቃቸው የማይሸጥ ይመስል፣ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ባሉት ቁልፎች ሁሉ አሰረ።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አለ ዱሬሳ።

«ከመስከረም ጀምሮ ያለው ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ሲያባራ ሁሉም እየቋጠረ ነበር። ዱሬሳም ሩብና ግማሽን እንደገና ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ግን በቦምቦሊኖ። ታጁ ሩቡን እንዲበላ፣ አሰፋች ግማሹን እንድትበላ ተደረገ። ታጁ ጉዳዩ ለዕድሜ ልኩ ገባው።

በሦስተኛው ሳምንት ክሩ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛመተ፤ ዳይሬክተሩ አቶ ፈቀደም ነቁ። አቶ ፈቀደ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው የማያወልቁ፣ ሰልፍ ከትምህርት የሚበልጥባቸው ሰው ናቸው።

«አድማ ነው?» አሉ። «ደግሞ ለምን ቀይ ሆነ? ቀለሙን ማን መረጠው?»

«ነጭ ሸሚዝ ላይ ነጭ ክር አይታይማ፣ ጋሼ» አለች አሰፋች።

አቶ ፈቀደ ይህ መልስ ከየት ወገን እንደመጣ ሲያስቡ ቆዩና ኢንስፔክተሩ በሚመጡበት ቀን አንድም ክር እንዳይታይ አዘዙ። ዱሬሳንም ለብቻው ጠርተው «የሚያውቁትን አስተምር፤ ገብቶናል ይበሉ፤ ቋሚ ሁን» አሉት። ክፉ ምክር አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። ኢንስፔክተር አቶ ጣሰው የኋላውን ወንበር በመሐረባቸው ጠርገው ተቀመጡ፤ አቶ ፈቀደ አጠገባቸው። ዱሬሳ ሩብና ግማሽን በሚገባ አስተማረ። ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን አይተው «ይሄ የአምስተኛ ክፍል ነው። እስቲ ወደ መቶኛ እለፍ» አሉ።

መቶኛን አስተማረ። ላብ በላብ ሆኖ ጨረሰና ልማዱ አምልጦት «ገብቷችኋል?» አለ።

«ገብቶናል፣ ቲቸር!»

ዘበኛው ሳይነቃ አልቀረም። ኢንስፔክተሩ ራሳቸውን በእሺታ እየነቀነቁ ብዕራቸውን ከፈቱ። ዱሬሳ ግን ያንን ድምፅ አሁን ያውቀዋል፤ ባልገባቸው መጠን ይጮኻሉ። ይህኛው ደግሞ በዓመቱ ከሰማው ሁሉ የጎላ ነበር። ዝም ቢል ቋሚ ነው። ክራባቱን ነካ አደረገ፤ የወንድሙ ትከሻ ታየው። ከዚያ ከኪሱ ቀዩን ጥቅል አውጥቶ የፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

«ኢንስፔክተሩ ከሩቅ መጥተዋል» አለ፤ «አንዋሻቸው።»

ልጆቹ ወደ አቶ ፈቀደ ዞሩ። አቶ ፈቀደ ፊሽካቸውን ጨብጠዋል። ታጁ ተነሥቶ ሁለት ክር በጠሰ፤ አንዱን አሰረ፤ ሌላውን ለጎረቤቱ ሰጠ። ጥቅሉ ከወንበር ወንበር ዞሮ ሲመለስ ክፍሉ ቀልቶ ነበር። ዱሬሳ ሰሌዳውን አጠፋና እንደ አዲስ ጀመረ፤ ሳይጨርስ የፋብሪካው የምሳ ጡሩምባ ተነፋ።

ውጤቱን ከወር በኋላ የነገሩት አቶ ፈቀደ ናቸው። «ለአንድ ዓመት ጊዜያዊ ሆነህ ትቀጥላለህ። ‹ተማሪዎቹ እንደማይገባቸው በእንግዳ ፊት ያሳያል› ተብለሃል።»

ዱሬሳ ክፍል ሲገባ ሁሉም ይጠብቁት ነበር።

«ቋሚ ሆኑ፣ ቲቸር?» አለች አሰፋች።

«ገና ነኝ።»

«ለምን?»

ዱሬሳ ከጥቅሉ አንድ ክር በጥሶ ኮቱ ቁልፍ ላይ አሰረ።

«ምኑ ነው ያልገባዎት?» አለ ታጁ።

«ኢንስፔክተሩ።»

ሳቁ ዘበኛውን ቀሰቀሰው። ዱሬሳ ጠመኔውን አነሣና ወደ ሰሌዳው ዞረ። የማን ሸሚዝ ላይ ስንት ክር እንደቀረ አስቀድሞ አይቶ ነበር፤ ትምህርቱንም ከአሰፋች ክር ጀመረ።