ባዘዘው ሳይወለውል አይሰጥም

ባሌ ባዘዘው እጁ እንደ ምላሱ ክፉ ቢሆን ኖሮ በላሊበላ የሚሄድ ብስክሌት አይገኝም ነበር። እጁ ግን ደግ ነው። ወልድያ በከባድ መኪና ጋራዥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰና፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወርደው መንገድ ዳር ብስክሌት መጠገኛ ከፈተ። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ የሚሠራውን ሳይ፣ የሚሳደበውን ስሰማ ነው የምውለው።

ከጋራዡ ይዞት የመጣ አንድ ልማድ አለው። እዚያ የተጠገነ መኪና ጎማው፣ ቸርኬው፣ ብረቱ ሁሉ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ተወልውሎ ነው ለባለቤቱ የሚመለሰው። "ያልተወለወለ ዕቃ ያልታጠበ ሬሳ ነው" ይላል። ብስክሌትም ሲሠራ እንደዚያው ነው፤ ጠግኖ ሲጨርስ ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ነክሮ እስኪያብረቀርቅ ይወለውለዋል። በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም። የከተማው ብስክሌት ድሮም ፍሬን የለውም፤ በጫማ ነው የሚቆመው።

ይታገሱ የሚባል አስጎብኚ አለ፤ ሳቂታ፣ ትንሽ ጉረኛ። አንድ ፈረንጅ እንግዳው ሲሄድ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ሰጠው። ደሴ ለሚደረግ ውድድር ሲለማመድ፣ ጋሸና መንገድ ላይ ጉድጓድ ገብቶ ሁለቱም ቸርኬ ተጣመመበት። ባዘዘው ከወልድያ ሌላ ቸርኬ አስመጣለት፤ የፍሬኑን ሽቦና ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚነክሱትን ላስቲኮችም አብሮ ቀየረ።

በማግስቱ ይታገሱ ተመለሰ። "ጋሼ፣ ፍሬኑ አይዝም።"

"የማይዘው ጣትህ ነው" አለና ሽቦውን አጠበቀው። ጎማውን በእጁ አሽከርክሮ ፍሬኑን ሲጨብጠው ቀጥ አለ። ወለወለና ሰጠው። በማግስቱም ተመለሰ። ላስቲኩን ቀይሮ፣ ወልውሎ ሰጠው። ደግሞ ተመለሰ።

"የሚገርመው" አለ ይታገሱ፣ "ጠዋት ከእርስዎ ተረክቤ ስወጣ ይብስበታል። አቧራ ለብሶ ሲውል ትንሽ ይሻለዋል።"

እኔ ይኼን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። የመኪና ፍሬን ተደብቆ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ውጭውን ናፍጣ ብትቀባው ግድ የለውም። የብስክሌቱ ግን ቸርኬውን ራሱን ነው የሚነክሰው። ቅቤ በነካ እጇ እንስራ ያነሳች ሴት ይኼን ለማወቅ ጋራዥ መግባት አያስፈልጋትም። "ባዘዘው፣ የሚያንሸራትተው ናፍጣህ ነው፤ ይኼን ጨርቅ ተወው" አልኩት።

ይታገሱና ሁለት የሰፈር ሰዎች ቆመዋል። ቀና ብሎ አየኝና "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" አለ። ይኼንስ ለምጄዋለሁ። ግን ቀጠለ። "አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ መሥራት ያቃተሽ፣ ዛሬ ብስክሌት ልትሠሪልኝ ነው?" ሰዎቹ ሳቁ። ይታገሱም ሳቀ። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለእንባዬ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ይታገሱ ደግሞ መጥቶ "ወልድያ ልወስደው ነው" ሲል ባዘዘው እንደ በርበሬ ቀላ። "ዓይንህ እያየ እኔው ራሴ ቁልቁለቱን እወርድበታለሁ! ካልያዘ ሱቁን ዘግቼ ድንጋይ እፈልጣለሁ!" ሽቦውን ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣራ። "አንቺ፣ ጨርቁን አምጪ!"

እናቴ "ዝም አይነቅዝም" ትል ነበር። ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ነክሬ፣ ሳልጨምቅ አቀበልኩት። ቸርኬውን እያሽከረከረ ግራና ቀኙን አበራው። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሰው ፊት እንዲወድቅ፣ ጉልበቱ እንዲላጥ፣ እነዚያው ሰዎች እንዲስቁበት ነው የፈለግሁት።

ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ፤ እስከ መጀመሪያው ኩርባ ድረስ ጀርባውን አየነው። ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ብስክሌቱ ግን ይብሱን ይፈጥናል። እግሩን መሬት ላይ ሊጎትት ሞከረ፤ አልሆነም። "ዓለምእሸት!" ብሎ ጮኸ። ፈጣሪውን አልጠራም፣ እናቱን አልጠራም፤ እኔን ነው የጠራኝ። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጋር ሲጋጭ ሰማን። ማንም አልሳቀም።

ዳሌውና ቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ደሴ ብረት አስገቡለት፤ ሁለት ወር ተኝቶ በክራንች ተመለሰ። ይታገሱ ውድድሩ አመለጠው። ብስክሌቱ መሪው ትንሽ ከመዞሩ በቀር ምንም አልሆነም።

አንድ ጠዋት፣ ባዘዘው ከአልጋው ሆኖ እያየኝ፣ ቸርኬውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ። ናፍጣ የጠጡትን ላስቲኮች አውጥቼ አዲስ አስገባሁ። ይታገሱ ወጣበትና ቀስ ብሎ ወረደ፤ ኩርባው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። እየገፋ ተመልሶ "ያዘ" አለኝ። ወደ ባዘዘው ቀና ብሎ ማየት ፈርቷል።

ይታገሱ ሲሄድ ባዘዘው ጠየቀኝ። "ያን ዕለት ታውቂ ነበር?"

"ነግሬህ ነበር።"

"ቀድሞማ ነግረሽኛል። ጨርቁን ስታቀብዪኝስ?"

በሰው ፊት የተናገረኝን ላነሳበት አሰብኩ። እግሩን ሳየው ተውኩት።

አሁን ሱቁን የምሠራው እኔ ነኝ። እሱ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። መሳደብ ትቷል፤ ስድቡ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል። ደንበኛ ሲመጣ ግን፣ እኔ እየሰማሁ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ እንዲህ ይለዋል፦

"ፍሬን ከሆነ እሷን ጠይቃት፤ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ዝም ካለችህ ግን እንዳትወርድ።"