የማይታጨድ ሣር ፍለጋ

ሥራ የገባሁ ዕለት አሰላ በዘር መጋዘኑ ግቢ አራት ሰዎች ነበርን። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ከድር ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ደፍ ላይ ቆመዋል። ጓድ ታዬ፣ የአውራጃው ባለሥልጣን፣ የካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ግቢው መሐል ቆሟል። ሾፌሩ ላንድሮቨሩን ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ አጥሩ ሥር ነኝ፤ «ነይ ግቢ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ «ረዳት የዘር ጥራት ተቆጣጣሪ» ተብዬ ነበር የተመደብኩት። ሥራው ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መብቀል አለመብቀሉን ማየት፣ ገለባውን በወንፊት መለየትና የተቀደደ ከረጢት መስፋት ነው። ማዕረጉን የሰጠኝ ሰው ከረጢቶቹን አላያቸውም መሰለኝ።

«ጓድ ከድር፣ አዲሱ ቤቴ ደጅ ላይ ሣር እፈልጋለሁ» አለ ጓድ ታዬ። ጊዜው የእኩልነት ስለነበረ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ይላቸዋል። እሳቸው እርስዎ ይሉታል። እኩልነቱ የደረሰው እስከዚያ ድረስ ነበር።

«ስንት ከብት አለዎት?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ከብት የለኝም።»

«በግስ?»

«ለዓይን ነው የምልህ። ለማየት።»

ጓድ ታዬ ለትምህርት ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ቆይቶ መምጣቱ ነው። እዚያ ካየው ሁሉ ወደ አርሲ ሊያመጣ የወሰነው ከቤት ፊት የሚነጠፍ ሣር ነበር። የሚፈልገውን ዘረዘረ፦ የማይታጨድ፣ ውኃ የማይጠይቅ፣ በጋም ክረምትም አረንጓዴ የሆነ፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ። እንዲህ ያለውን ምንጣፍ ይሉታል ማለት ይቻል ነበር። ጋሽ ከድር አላሉም።

«ለመስከረም ሁለት ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ» አለ ጓድ ታዬ። «ከሰልፉ በኋላ ምሳ እኔ ቤት ነው። ካልበቀለ ግን አሻጥር ነው።»

ይህን ቃል ለማያውቁ ወጣቶች ላስረዳ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቤቱ ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግር የለም። ከጋሽ ከድር በፊት የነበረው የመጋዘን ኃላፊ እንዲህ ሄዷል። ያከፋፈለው የገብስ ዘር ዝናብ ጠፍቶ ሳይበቅል ቀረ። ዝናቡን የጠየቀው አልነበረም።

እንግዲህ ምርጫው ተጀመረ። ችግሩ መጋዘናችን ውስጥ ያለው የሣር ዘር ሁሉ የተመረጠው ላም እንዲያጠግብ መሆኑ ነው። ዘሩ በተሻለ ቁጥር ለጓድ ታዬ ደጅ እየባሰ ይሄዳል። ሮደስ የሚባለው ሣር ለዴራ ሙቀት ጥሩ ነው፤ አሰላ ላይ ውርጭ ይመታዋል፣ ደግሞም ወገብ ይደርሳል። ፋላሪስ የሚባለው ደግሞ ከቁመቱ የተነሣ ሰው ይደብቃል። ባለሥልጣን ደጁ ላይ ሰው የሚደብቅ ነገር እንደማይወድ ለመገመት ብዙ ትምህርት አያሻም።

«ለሚሉት ነገር ሰርዶ ነው የሚሆነው ጓድ» አሉ ጋሽ ከድር። «መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ቢረግጡትም፣ ቢጠማም አይሞትም።»

«ሰርዶ? ገበሬ እየነቀለ የሚጥለውን አረም እኔ ደጅ? ከውጭ የመጣ የለም?»

ነበር። ጥግ ላይ ራይግራስ የሚባል ዘር የያዘ፣ የባዕድ ፊደል የታተመበት ከረጢት ነበረን። ምን እንደሚል ያነበበው የለም። ጓድ ታዬም አላነበበውም፤ ፊደሉን በጣቱ ዳሰሰና አመነው። «ይሄ ይሁን» ብሎ ሄደ።

ላንድሮቨሩ ሲርቅ ጋሽ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ግቢ። ስምሽ ማነው?»

«በላይነሽ።»

«በላይነሽ፣ ይሄ ዘር ክረምቱን ያምራል። በጋ ላይ ውኃ ካላጠጡት ይደርቃል። እሱ አያጠጣም። ሲደርቅ የሚጠየቀው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከሥሩ ሰርዶ እንቀብራለን።»

«እሳቸው እኮ አይሆንም አሉ።»

«ሰምቻለሁ። ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ደግሞ አልሰማሽም።» በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው የሥራ መመሪያዬ ይኸው ነበር።

ሰኔ ላይ መሬቱን ሁለት ጊዜ አስቆፈርን፣ ጓሉን አደቀቅን። ጓድ ታዬ ስብሰባ የሄደበትን ቀን ጠብቀን፣ ከመንገድ ዳር የነቀልነውን ሰርዶ በገጀራ ቆራርጠን ጣት በሚያህል ጥልቀት ቀበርነው። ስብሰባ የማይጠፋበት ዘመን ስለነበረ ቀን አላጣንም። በማግስቱ እሱ ቆሞ እያየ ራይግራሱን ዘራን። ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ በትነን ባዶ በርሜል እያንከባለልንበት ዳመጥነው። ወፍ እንዳይለቅመው ሾፌሩ እንዲጠብቅ ታዘዘ። አብዮቱ ለወፎችም ሰው መድቧል።

ነሐሴ ላይ ደጁ አረንጓዴ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፎ ባት መድረስ ጀመረ፤ የማይታጨደው ሣር ለአጨዳ ደረሰ።

«ትንሽ ቢከረከም ጓድ» አሉ ጋሽ ከድር።

«እንግዶቹ ሳያዩት ማንም አይነካውም። እዚህ ግቢ ማጭድ ያስገባ አሻጥረኛ ነው።»

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ሾፌሩ ቤቴ መጣ። ጋሽ ከድርን ጭኗቸው ነበር።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«ሣሩ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለም ነው የምልሽ። መኪናው ውስጥ ግቢ።»

መንገድ ላይ ጋሽ ከድር የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ «ለልጆቹ እናት ታደርሺላታለሽ» አሉ። ያዝኩት።

ደጁ ተላጭቷል። ነጣ ያለ ቆረን፣ የታጨደው ሣር ግርጌ፣ ብቻ ቀርቷል፤ በቆረኑ መሐል ደግሞ የቀበርነው ሰርዶ ፀሐይ አይቶ በየአቅጣጫው ሲሳብ ይታያል። እኔ አየሁት። ጋሽ ከድርም አዩትና፣ አንድ እርምጃ ሄደው ከሁሉም ረጅሙ ሐረግ ላይ ቆሙ።

«ግቢዬ ማጭድ ገብቷል ጓድ ከድር» አለ ጓድ ታዬ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «ነገ እንግዶች አሉብኝ። ይሄ የታሰበበት አሻጥር ነው።» ጎንበስ አለ። «ደግሞ ይሄ የሚሳበው ምንድን ነው? እግርህን አንሳ እስቲ።»

ጋሽ ከድር እግራቸውን ሳያነሡ የቤቱ በር ተከፈተ። የጓድ ታዬ እናት እማማ ወርቄ ማታ ከጮሌ ገብተው ኖሯል። ማጭዱ በእጃቸው ነው።

«አጎንብሳችሁ ምን ጠፍቷችሁ ነው? ግቡ እንጂ፣ ዓመት በዓል ነው።»

ገባን። ሣሩ ሳሎኑ ወለል ላይ ተጎዝጉዟል። እስከ መኝታ ቤቱ በር ደርሷል፤ የወንበሮቹ እግር አይታይም።

«ገበያ ወርጄ ልገዛ ነበር» አሉ እማማ ወርቄ ለእኛ። «ለካስ ልጄ ለበዓሉ ብሎ ደጁ ላይ አስዘርቷል። ድሮም አሳቢ ነው። የከተማ ማጭድ አይቆርጥም ብዬ የራሴን ይዤ መምጣቴ በጀኝ።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሚታይ ሣር ነው።»

«ይኸው እያየሁት።»

«ውጭ ሆኖ የሚታይ።»

«ውጭ ሆኖ ምን ያደርግልሃል? ከብት የለህ፣ በግ የለህ።»

ጋሽ ከድር ኮርኒሱን ይመረምሩ ጀመር። ጓድ ታዬ እናቱን አየ፣ ማጭዱን አየ፣ ተቀመጠ። አሻጥር የሚባለው ቃል እናት ላይ እንደማይሠራ ያን ቀን ተማርኩ። ስለሚሳበው ነገር የጠየቀ አልነበረም። ስንወጣ ቁልፉን ለጋሽ ከድር መለስኩ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ከሁሉም ትልቁ ጫማውን አውልቆ ሳሎን በተጎዘጎዘው ሣር ላይ በካልሲ ተመላለሰ አሉ። ደጁን ያስተዋለ የለም። ጓድ ታዬም «በባህላችን መሠረት ነው» ብሎ አስረዳ።

ጥር ላይ እንደገና ተጠራን። ጋሽ ከድር የአጃ ዘር ሊረከቡ ሳጉሬ ሄደው ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። ራይግራሱ ደርቆ አልቋል። ሰርዶው ጫፍ ጫፉን ውርጭ ቢለበልበውም ደጁን ሸፍኖታል። አጭር፣ አረንጓዴ፣ ከመስከረም ወዲህ ውኃ ያልቀመሰ። የታዘዘው ሣር ይኸው ነበር።

ጓድ ታዬ እየረገጠው ዞረ። «ጓዲት፣ ይሄ የቀረው የትኛው ዘር ነው?»

ሰርዶ ብዬ ስሙን ብጠራው ጋሽ ከድር ከሳጉሬ የሚመለሱት ወደ ቤታቸው አይሆንም።

«እናትዎ አጭደውት ከማጭዱ የተረፈው ነው፣ ጓድ።»

ጎንበስ ብሎ ዳበሰው። «አየሽ» አለ። «የውጭ ዘር ማለት ይሄ ነው።»

ለደጃችሁ ሣር ስትመርጡ ታጭዶ፣ ተረግጦና ውኃ ተከልክሎ የሚቀረውን ምረጡ። ነጠላዬን አስተካክዬ በበሩ ወጣሁ።