ጋሼ ግርማቸውና የሮማው ጄኔራል

ጋሼ ግርማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ይጋብዛሉ። ያገኙትን ሁሉ ነው የሚጠሩት። ወንበር ስቦ የተቀመጠ ግን በነጻ አይበላም፤ የሉኩሉስን ታሪክ ይሰማል። እኔማ ሰውዬውን ከገዛ አጎቶቼ የበለጠ አውቀዋለሁ።

ሉኩሉስ የጥንት ሮማ ጄኔራልና ፖለቲከኛ ነበር። ምሥራቅ ድረስ ዘምቶ ኃያላን ነገሥታትን አሸነፈ። ሲመለስ ፖለቲካውን ትቶ ድግስ በድግስ ሆነ። አንድ ምሽት እንግዳ ስላልነበረ አሽከሩ ቀለል ያለ እራት ቢያቀርብለት ተቆጣ። «ዛሬ ሉኩሉስ ከሉኩሉስ ጋር እንደሚበላ አታውቅም?» አለው። እዚህ ላይ ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኛም ብቻውን በልቶ በሚኮራ ሰው እንስቃለን።

የሚዘሉት ክፍል እንዳለ ያወቅሁት ስልኬ ላይ ሳነብ ነው። ለካ ሉኩሉስን ወታደሮቹ ጠልተውት ነበር። ኩራቱ አንገፍግፏቸው አንከተልህም አሉት። ያን የሚያህል ጄኔራል ከድንኳን ድንኳን እየዞረ፣ እጃቸውን እየያዘ፣ እያለቀሰ ለመናቸው። አልሰሙትም። ጋሼ ይህን ለምን እንደሚዘሉት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዌስትቼስተር በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ጀምረው ያቋረጡ፣ ከረባታቸው የማይዛነፍ፣ ከእኛ ጋር ምሳ የማይቀምሱ ሰው። እኔና ተክለብርሃን በሳቸው ሥር የእንግዳ መኪና እናቆም ነበር። አንድ ቀን ተክለብርሃን ትኬት በምንቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሚስቱ የቋጠረችለትን ሽሮ ከፍቶ ሊበላ ሲል ጋሼ ገቡ።

«ጋሼ፣ በሞቴ!» ብሎ ጠቅልሎ ዘረጋላቸው።

ሊጎርሱ ነበር፤ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፈረንጁ ማናጀር በሩ ላይ ብቅ አለና አፍንጫውን ይዞ ምን እንደሚሸት ጠየቀ። ጋሼ ፊታቸውን ከጉርሻው አዞሩ። ምግቡን እንደማያውቁት፣ እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር እንደማይበሉ በእንግሊዝኛ ነገሩት። ከዚያ ወደ ተክለብርሃን ዞረው፣ «አውጥተህ ጣለው!» አሉት። ጣለው። በሳምንቱ ሥራውንም ለቆ ሄደ። እኔ በሳቸው ፈንታ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

የቅዳሜውን ግብዣ ሰው ሁሉ ቸርነት ይለዋል። ጋሼ ግን ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ተክለብርሃን በርበሬ ሊገዛ እዚህ ሰፈር እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቻቸው ነበር። «በምን ዓይኔ ነው ኮል የማደርገው?» ብለው መለሱልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ራሱ ገባ። ሸብቷል። ጋሼ ብድግ ሲሉ ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ።

«ተክሌ! ና፣ ቁጭ በል።»

«ቸኩያለሁ ጋሼ። መኪናዬን በሰው ቦታ ላይ ነው ፓርክ ያደረግኳት።»

«ኦኬ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» ብለው ጠቀለሉ። ወጡ ሸሚዛቸው ላይ ተንጠባጠበ።

ተክለብርሃን የተዘረጋውን እጅ ለአፍታ አየው። አልጎረሰም። ሄዶ እጁን ታጥቦ ተመለሰና አጠገባቸው ተቀመጠ። እንጀራ ቆርሶ፣ ገበታው ላይ ካለው ሽሮ ጠቅልሎ፣ እሱ ለሳቸው ዘረጋ። የጋሼ አፍ አልከፈት አለ። አንገታቸውን ደፉ፤ ጆሮአቸው ሳይቀር በእፍረት ጋለ።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ» አለ ተክለብርሃን ቀስ ብሎ። «ዛሬ ማናጀሩ የለም።»

ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ፤ እንባቸው ትሪው ላይ ወረደ። ቀና ሳይሉ፣ «ሉኩሉስን ግን ወታደሮቹ እንቢ አሉት» አሉ።

ተክለብርሃን ሁለተኛ ጉርሻ እየቆረሰ ነበር። «ሉኩሉስ ደግሞ ማነው?» አላቸው።

ጋሼ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ታሪኩን ከወታደሮቹ ጀመሩለት።